ከሸምበቆው ውስጥ የመለሰው ፉጨት

ሂልካ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ ፈርታ አታውቅም። መንገዱ በረዶ ለብሶ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ የዱር አጋዘን ከጫካ ወጥቶ መብራቷ ፊት ተገትሮ ሲያፈጥባት፣ ጎማው ወደ ገደሉ ሲንሸራተትና ከኋላ የተቀመጡት የትምህርት ቤት ልጆች ባንድ ድምፅ ሲጮኹ፣ እሷ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጠዋት ሰላምታ በማይለይ ድምፅ «ቀጣዩ ፌርማታ፣ የወተት ፋብሪካው» ትል ነበር። ያን ድምፅ የሰማ ልጅ ዝም ይላል። ጡረታ ከወጣች በኋላም የልጅ ልጇ ሲልያ በመጣች ቁጥር የወጥ ቤቱ ረጅም ወንበር አውቶቡስ ይሆናል። ሂልካ ፌርማታዎቹን በተራ ትጠራለች፤ ሲልያ መውረድ የፈለገችበት ሲደርስ ግድግዳውን በጣቷ ተጭና «ወራጅ አለ» ትላለች።

ሐይቁን ግን ሂልካ ትፈራዋለች።

ያደገችው ካይስላ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቅ ይባል እንጂ ውሃው የሚታየው መሀሉ ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው ሸምበቆና ፊላ፣ ቄጠማና ጭቃ ነው። ከሸምበቆው ወዲህ ደግሞ ሜዳ የሚመስል፣ ሜዳ ያልሆነ ነገር አለ። ሥር ከሥር ተጠላልፎ ውሃ ላይ የተነጠፈ ሣር ነው። እዚህ ሲረግጡት እዚያ ያለው ቄጠማ ያጎነብሳል። የአገሬው ሰው «ዥዋዥዌ» ይለዋል፤ ስሙን የሰማ ልጅ ሊጫወትበት ይፈልጋል፣ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው።

ገና ትንሽ ልጅ ሳለች፣ ሰዉ ለከብቱ ድርቆሽ ከዥዋዥዌው ላይ ያጭድ ነበር። ፈረሶቹ እንዳይሰምጡ እግራቸው ላይ ሰፋፊ የእንጨት ጫማ ይታሰርላቸዋል። አንድ ቀን የጎረቤታቸው ፈረስ አንዱ ጫማው ወለቀ። ሂልካ ዳር ላይ፣ ድርቆሽ ክምር ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። ፈረሱ አልጮኸም። ዕድሜዋን ሙሉ ያልለቀቃት ይህ ነው፣ አለመጮኹ። አንገቱ ከቄጠማው በላይ ነበር፤ ዓይኑም እሷ ላይ ነበር። ከዚያ ቄጠማው ብቻ ቀረ፤ እሱም ትንሽ ተወዛውዞ ቆመ።

ያን ዕለት እናቷ ስለ ናኪ ነገረቻት። በዚያ አገር ስለ ናኪ ሳይሰማ የሚያድግ ልጅ የለም፤ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ወደ ዳር የተጠጋ ልጅ እግሩን ይዞ የሚጎትት ነገር ነው። የሂልካ እናት ግን አንድ የራሷ ነገር ጨመረችበት። ናኪ ስም ያውቃል አለቻት። ከሸምበቆ ውስጥ የማታዪው ሰው በስምሽ ከጠራሽ አትመልሺ፤ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ባሏ ታውኖ ሐይቁን የሚወድ ሰው ነበር። የደን ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እጁ ዘይት፣ ዓይኑ ሰማይ። ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ሸምበቆው ዳር ማማ ሠራ። ከማማው እግር ሸምበቆውን ሰንጥቆ የሚገባ የሳንቃ መንገድ ዘረጋ፣ መጨረሻው ላይም አግዳሚ ወንበር ቸነከረ። አዝመራ የሚጠብቁበት፣ ወፍ በወንጭፍ የሚያባርሩበት ዓይነት ማማ አይደለም፤ ወፍ እንዳይበር ትንፋሽ ውጠው የሚቀመጡበት ነው። በግንቦት ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸውና እዚያ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የለም። ማማው ላይ ያስነጠሰው ሰው እንኳ ቆቡን አፉ ላይ ደፍቶ ነው የሚያስነጥሰው።

ስለዚህ ታውኖ ለቤተሰቡ መጠራሪያ የሚሆን ፉጨት መረጠ። ከአንዲት ወፍ ተዋሰው። ድርጭት የምታህል፣ ላባዋ ነጠብጣብ የሆነ፣ ሸምበቆ ለሸምበቆ የምትሽሎከለክ፣ ሰው ድምፅዋን እንጂ መልኳን የማያይላት ወፍ ናት፤ ስሟን ሉህታሁይቲ ይሏታል። ሉህታ ውሃ የተኛበት መስክ ነው፤ ሁይቲ ደግሞ የምትለውን ነው፣ ሁይት። እንደ አለንጋ ጫፍ ወደ ላይ የሚመነጠቅ አጭር ፉጨት። ታውኖ «ሸምበቆ የማያፍነው፣ ወፍ የማያስደነግጠው ድምፅ ይሄ ነው» አለ። ጠሪው ሁለት ጊዜ ያፏጫል፣ የሰማው ሁለት ጊዜ ይመልሳል። ልጃቸው ሚርቫ በዚህ ፉጨት ተጠርታ አደገች።

ወፎቹ ራሳቸው ግን ከካይስላ ጠፉ። አንድ ሁለት ዓመት ደረቅ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። ታውኖ በየግንቦቱ ማማው ላይ ወጥቶ ጆሮውን ወደ ሸምበቆው አድርጎ ይጠብቃቸው ነበር። ፉጨታቸው የቀረው በዚህ ቤተሰብ አፍ ላይ ብቻ ነው። ሲልያ አራት ዓመቷ ሳለ፣ በበረዶው ወራት፣ ታውኖ ማሽን ሥር እንደተኛ ልቡ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ የግንቦትን የቤተሰብ ጉዞ የምትመራው ሂልካ ናት። ሚርቫ እንዲቀር አልፈለገችም፤ ሂልካም «ሐይቁን እፈራለሁ» ለማለት አፈረች። ታውኖ ሲኖር አብራው ትሄድና ጀርባዋን ለሸምበቆው ሰጥታ ሹራብ ትሠራ ነበር። አሁን ወፍ የሚያይበት የሩቅ ማያ መነጽሩ የእሷ ሆነ።

ሲልያ ሰባት ዓመት በሞላት ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አራቱም በኪሞ መኪና ተነሡ። ኪሞ የሚርቫ ባል ነው፤ ከተሜ፣ ትከሻው በር የሚያህል፣ ወፍ የማይለይ ሰው።

«ዛሬ ስንት ዓይነት ዳክዬ እናያለን?» አለ መሪውን እያዞረ።

«ለሱ ሽመላም ዳክዬ ነው» አለች ሚርቫ። «እግሩ የረዘመ ዳክዬ።»

«ከሩቅ ሲያዩት ዳክዬ የማይሆን ምን አለ?»

ከኋላ ሂልካ ጎን የተቀመጠችው ሲልያ ዳቦ ገምጣ ድንገት ማኘኳን አቆመች። አፏን ከፍታ አየቻቸው። የላይኛው የፊት ጥርሷ ዳቦው ላይ ቀርቷል። አጠገቡ ያለው ጥርስ ባለፈው ሳምንት ስለወለቀ አሁን ከፊት ለፊት በር የሚያህል ክፍተት ሆነ።

«ሙሞ፣ ያዥልኝ» አለች ለአያቷ። «አባዬ ይጥለዋል።»

ሂልካ ባዶ የክብሪት ቀፎ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ጥርሱን ጨምራ ቀፎውን ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«አሁን ፉጨቴን ስሚ» አለች ሲልያ። ከንፈሯን አሹላ ነፋች። ነፋስ ብቻ ወጣ፤ ፍፍፍ።

«ጎማው ተነፈሰ መሰለኝ» አለ ኪሞ፣ መኪናውን ወደ ዳር እንደሚያወጣ ሰው እየተንጠራራ። ሲልያ ሳቀች። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነፋስ። «በቃ፣ እዚህ ቤት ማፏጨት የማንችል ሁለት ሆንን። እንኳን ደህና መጣሽ።»

ማማው ላይ ሲወጡ ውሃው ጸጥ ብሎ ነበር። ከማዶው ዳር ነጭ ነገር ተጋድሟል፤ ደመና ይሁን ጉም አይለይም። ሂልካ አየችው። ለማንም ግን አልተናገረችም።

ሲልያ ዳክዬ አየች፣ ሽመላ አየች፣ ሰለቻት። ማማው ሥር፣ በሳንቃው ዳር፣ የእንቁራሪት እንቁላል አለ። «ልውረድ?» አለች።

«እስከ ወንበሩ ብቻ» አለች ሂልካ። «ከሳንቃው እንዳትወርጂ። ሰው ከሸምበቆው ውስጥ በስምሽ ቢጠራሽስ?»

«አልመልስም። ናኪ ነው።»

«ፉጨት ብትሰሚስ?»

«እሄዳለሁ። የኛ ሰው ነው።»

«እማዬ» አለች ሚርቫ በሹክሹክታ፣ «በዚህ ዘመን ልጅን በናኪ ታስፈራሪያለሽ?»

«አንቺን አስፈራርቼ ነው ያሳደግሁሽ። ምን ጎደለብሽ?»

ሲልያ ቀዩን የሱፍ ቆቧን እስከ ጆሮዋ ስባ ወረደች። ኪሞ ቡና የያዘውን ፔርሙዝ መኪና ውስጥ መርሳቱ ትዝ አለው። ሚርቫ «የት እንዳስቀመጥከው ራስህ አታውቅም» ብላ ተከተለችው። መኪናው ከዛፎቹ ጀርባ ነው ያለው። ሂልካ ብቻዋን ቀረች፤ ቀዩ ቆብ ሳንቃው ላይ ጎንበስ ቀና ሲል አየችና ዓይኗን ወደ መነጽሩ መለሰች።

ሁለት ሽመላዎች ጭቃው ላይ ወጥተው ነበር። አንዱ ክንፉን ዘረጋ። ሌላው አጎንብሶ ደረቅ ፊላ ከጭቃው አነሣ፣ ወደ ላይ ወረወረው፣ ተከትሎት ዘለለ። ሂልካ ይህን ስታይ ኖራለች፤ ሆኖም ባየችው ቁጥር አፏ ይከፈታል። ያን ሁሉ እግር የተሸከመ ፍጡር እንዲህ ሲቀል። አንዱ ዘሎ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፣ ውሃው ከሥራቸው እንደ ብር ይበተናል። ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። ሽመላዎቹ እየነጡ መጡ። መጀመሪያ እግራቸው ጠፋ፣ ቀጥሎ ክንፋቸው። መነጽሩ እርጥበት ይዞታል ብላ ልትወለውለው ቀና ስትል፣ ሐይቁ የለም።

ጉሙ ድምፅ ሳያሰማ ደርሶ ነበር። ሸምበቆው የለም፣ ወንበሩ የለም። ሳንቃው ከማማው እግር ጥቂት ሄዶ ነጩ ውስጥ ይገባል። ቀይ ነገር አይታይም።

ሂልካ ደረጃውን ልትወርድ ሮጠች፤ ከዚያ ራሷን ገታች። ልጅቷን አታስደንግጫት፣ ወፉን አታስነሺው፤ የታውኖ ሕግ ነው። ከንፈሯን አርጥባ አፏጨች። ሁይት፣ ሁይት።

ጉሙ ዝም አለ። ከዚያ ከሩቅ፣ ጥርት ብሎ፣ ሁይት፣ ሁይት።

የማማውን መደገፊያ ይዛ «ተመስገን» አለች። ደግማ አፏጨች፤ ደግሞ ተመለሰላት።

ሚርቫና ኪሞ ደረጃውን እየተንገጫገጩ ወጡ። ኪሞ ፔርሙዙን አቅፎታል። «መጋረጃው ወረደ እንዴ? ቲያትሩ አለቀ?»

«ሲልያስ?» አለች ሚርቫ።

«ወንበሩ ጋ ናት። ስሚ።» ሂልካ አፏጨች። መልሱ መጣ። ሚርቫ በረጅሙ ተነፈሰችና ፈገግ አለች። «እንዴት አጠራችው፣ በኡኪዋ ወጣች» አለች፤ ሲልያ ታውኖን ኡኪ ነበር የምትለው።

ኪሞ ቡና ቀዳ። ሦስቱም ነጩ ነገር ውስጥ ተቀምጠው ጠጡ። በመሀል ሂልካ ታፏጫለች፤ ይመለስላታል።

«ለምን አትመጣም ግን?» አለ ኪሞ።

«እንቁራሪት አግኝታ ነዋ። አንተን ብሎ የመጣ እንቁራሪት ጥለህ ትመጣለህ?» አለች ሂልካ።

«ድምፁ ከግራ ነው። ወንበሩ በቀኝ አልነበረም?»

«ዳክዬና ሽመላ የማትለየው ሰውዬ» አለች ሚርቫ፣ «ዛሬ ግራና ቀኝ ልትለይልን ነው? ጉም ውስጥ ድምፅ ይዞራል።»

ሂልካ እጇ ቀዝቅዟት ነበርና ኪሷ ውስጥ ከተተችው። ጣቷ አንድ ትንሽ ነገር ነካ። ነገሩ ኪሷ ውስጥ ተንኳኳ።

የክብሪት ቀፎው።

መጀመሪያ ምንም አላሰበችም። ጣቷ ቀፎውን አገላበጠው፤ ጥርሱ ከወዲያ ወዲህ ተንከባለለ። ከዚያ ጣቷ ቀጥ አለ። ልጅቷ የፊት ጥርስ የላትም። ዛሬ ጠዋት፣ መኪና ውስጥ፣ ፍፍፍ። ጎማው ተነፈሰ ብሎ ኪሞ ቀልዷል፤ ሁሉም ስቀዋል። ያ አፍ ይህን ፉጨት አያወጣም።

«ሂልካ» አለ ኪሞ። «ምነው?»

ከጉሙ ውስጥ ፉጨቱ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሁይት። ሁይት። ሁይት። አላቆመም። ልጅ ሲያፏጭ በመሀል ይተነፍሳል፣ ይስቃል፣ ይሳሳታል። ይሄኛው አይተነፍስም። ታውኖ ዓመታት ሙሉ ጆሮውን ቀስሮ የጠበቃት ወፍ መጥታለች፤ ሂልካ ግን አንድም ደስታ አልተሰማትም።

«እሷ አይደለችም» አለች። «ወፏ ናት። ስታወራኝ የቆየችው ወፏ ናት።»

ሚርቫ የቡና ሲኒዋን ጣለች። መደገፊያው ላይ ተንጠልጥላ ጮኸች፤ ሂልካ ልጇን እንዲህ ስትጮኽ ሰምታት አታውቅም፤ ማማው ከተሠራ ጀምሮም እዚያ ላይ የጮኸ አልነበረም። «ሲልያ!» ሐይቁ ተነሣ። ዝዩ፣ ዳክዬው፣ የማይታየው ሁሉ ክንፉን እያርገበገበ ከጉሙ ሥር ወጣ፤ አየሩ ለረጅም ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ምንም። ወፏም ዝም አለች።

ኪሞም ጠራ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጉሙ ግን እንደ ጥጥ ዋጠው። መልስ የለም።

«ለምን አትመልስም?» አለች ሚርቫ። «እማዬ፣ ለምንድነው የማትመልሰው?»

«አትመልስም» አለች ሂልካ። «በስሟ ነው የጠራችኋት። በስሟ ከጠሯት እንዳትመልስ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ፉጨት ስትሰሚ ሂጂ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ሦስቱም ባንድ ጊዜ ገባቸው። እነሱ ቡና ሲጠጡ፣ በግራ በኩል የሚሰማው ፉጨት ልጅቷንም ይጠራት ነበር። እሷም ታዛዥ ልጅ ናት።

ሚርቫ ስልኳን አውጥታ የአደጋ ሠራተኞችን ጠራች፤ ከከተማ ነው የሚመጡት፣ ከተማው ሩቅ ነው። ኪሞ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደ፤ ሂልካ ተከተለችው። ወንበሩ ባዶ ነው። ከወንበሩ በግራ ቄጠማው እንደ በር ለሁለት ተከፍሏል፤ የተኛው ሣር ላይ የትንሽ ቦቲ ዱካ ውሃ ሞልቶታል። ከዚያ ወዲያ ዥዋዥዌው ነው።

ኪሞ እግሩን አነሣ። ሂልካ ክንዱን ያዘችው።

«አንተን አይችልህም። ትሰምጣለህ፣ እሷንም ይዘህ ትሰምጣለህ።»

«ታዲያ ማንን ይችላል?»

ሂልካ ኮቷን አወለቀች። ኪሞ ተመለከታት፤ ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞረና መቀመጫውን ጣውላ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው። ታውኖ የመታቸው ሚስማሮች እየጮኹ ወጡ። ጣውላውን ሣሩ ላይ አጋደመላት።

«እንድመለስ አውራልኝ» አለች። «ዝም እንዳትል። ያንተን ድምፅ ይዤ ነው የምመለሰው።»

«ምን ብዬ ላውራ?»

«የፈለግከውን።»

ጣውላው ላይ በሆዷ ተኛች። እየገፋች፣ እየተሳበች ገባች። ሣሩ ከሥሯ ተነፈሰ፤ ቀዝቃዛ ውሃ በሹራቧ አልፎ ሆዷን ነካት። የፈረሱ ዓይን መጣባት። እግሯን ወደ ኋላ የሚስብ ነገር ያለ መሰላት፤ የራሷ ቦቲ ክብደት ነው። ስድሳ ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን ነገር አሁን በጉንጯ ነካችው፤ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። ከኋላዋ ኪሞ ማውራት ጀመረ። የሚለው ቢጠፋው ጊዜ «ዳክዬ» ይላል። «ዳክዬ። ሌላ ዳክዬ። እግሩ የረዘመ ዳክዬ። ሂልካ፣ ይሰማሻል? ደግሞ ሌላ ዳክዬ።» ድምፁ መሀል ላይ ይሰበራል፣ ይጠግነዋል፣ ይቀጥላል።

ፊት ለፊት ምንም የለም። ዱካው ጠፍቷል። አንዴ ብቻ አፏጨች፣ አቅጣጫውን ለማወቅ። ወፏ መለሰች፤ ቅርብ ናት፣ በስተግራ። ሂልካ ወዲያው ተጸጸተች፤ ይህ ጥሪ ልጅቷን አንድ እርምጃ ወደ ውሃው አስጠግቷት ይሆናል።

እንግዲህ በምን ትጥራት? ስሟ የናኪ ሆኗል። ፉጨቱ የወፏ ሆኗል። ሂልካ አፏን ከፈተች፤ ምን እንደሚወጣ አታውቅም ነበር። የወጣው ሠላሳ ዓመት ስትናገረው የኖረችው ነው።

«ቀጣዩ ፌርማታ፣ የወተት ፋብሪካው።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። እሷ ራሷ ተደነቀች። ጣውላውን ገፋች።

«ቀጣዩ ፌርማታ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ።»

ቄጠማው ተንሿሿ። ከኋላ «ዳክዬ» ይላል ኪሞ።

«ቀጣዩ ፌርማታ፣ የላይኛው ድልድይ። በሩን የተደገፋችሁ ልጆች ራቁ።»

ውሃው ክርኗን አልፎ ወጣ።

«ቀጣዩ ፌርማታ፣ የትምህርት ቤቱ መታጠፊያ።»

«ወራጅ አለ።»

በጣም ትንሽ ድምፅ ነበር፤ በጥርስ አልባ አፍ የተባለ፣ ግማሹ ነፋስ የሆነ። ሂልካ ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች። ከፊቷ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጉሙ ውስጥ ቀይ ነገር አለ። ሲልያ እስከ ወገቧ ሣሩ ውስጥ ገብታ የፊላ እቅፍ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ወደ ወፏ ነው። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አለመጮኋ ሂልካን ከሁሉ ይልቅ አስፈራት።

«እግሬን ይዞኛል ሙሞ» አለች ሳትዞር። «ናኪ ነው?»

«ጭቃ ነው» አለች ሂልካ በሹፌርነቷ ድምፅ። «አውቶቡሱ ሳይቆም አይወረድም። ፊላውን አትልቀቂ። አሁን በሆድሽ ወደኔ ተኚ፣ ሶፋ ላይ እንደምትተኚው። እግርሽን አታንሺ፤ እኔ ነኝ የማነሣው።»

ልጅቷ ተኛች። ሂልካ ከብብቷ ይዛ ሳበቻት። ሣሩ አልለቅም አለ፤ ጣውላው በአንድ ጎኑ ሰመጠ፣ ውሃ ወደ ሂልካ አፍ ገባ። ደግማ ሳበች። አንድ ነገር ከሥር ረጅም ምጥጥታ አሰማ፣ ለቀቀ። አንዱ ቦቲ እዚያው ቀረ። ቄጠማው ተከደነበት፣ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

የተመለሱት በዳክዬ ድምፅ ነው። ኪሞ ሳንቃው ላይ በደረቱ ተኝቶ እጁን ዘርግቷል፤ «ዳክዬ» ማለቱን ልጁን ከያዘ በኋላም ወዲያው አላቆመም።

መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ተከፈተ። ሚርቫ የልጅቷን እርጥብ ልብስ አውልቃ በኪሞ ሹራብ ጠቀለለቻት፤ ቀጥላ ስልክ ደውላ ልጅቷ መገኘቷን ተናገረች፣ ተናግራም ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሂልካ ከኋላ ሲልያን አቅፋ ተቀመጠች። ውሃ ከሁለቱም ይንጠባጠባል። ሂልካ ከብርዱ የተነሣ ጥርሷን መግጠም አቅቷታል።

«ሙሞ» አለች ሲልያ፣ «ኡኪ ለምን አልጠበቀኝም?»

ሚርቫ እጇን ከፊቷ ላይ አወረደች።

«እሱ ነበር እኮ የሚያፏጨው። አንቺ ስታፏጪ መጨረሻው ላይ ይሰነጠቅብሻል። ይሄ አልተሰነጠቀም። ልደርስበት ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ደግሞ ራቅ ይላል።»

«ወፍ ናት» አለች ሂልካ።

«ኡኪ ሲጠብቃት የነበረችው?»

«እሷው።»

«ተመለሰች?»

«ተመለሰች።»

ሲልያ አሰበችበት። ኪሞ ማርሽ አስገባ። ልክ ያን ጊዜ፣ ከዛፎቹ ወዲያ፣ ከነጩ ውስጥ፣ ጥርት ብሎ መጣ፤ ሁይት፣ ሁይት። ሚርቫ አልዞረችም። ኪሞ መሪውን ጨበጠ። የዚያ ቤት ሰው ያን ፉጨት ሰምቶ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

ሲልያ እንደ ልማዷ ከንፈሯን አሾለች። ሂልካ መዳፏን በልጅቷ አፍ ላይ ጫነችው። መዳፏ ውስጥ ትንሽ ትኩስ ነፋስ ተሰማት፤ ፍፍፍ። መኪናው ተነሣ፤ ጉሙ በመስኮቶቹ ላይ ወደ ኋላ ሄደ፣ መንገዱ ተገለጠ። የወተት ፋብሪካውን እስኪያልፉ ድረስ ሂልካ እጇን አላነሣችም።